ኮዱ ያላየው ማሳ

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ቨርጂኒያ፣ መኪናዬ አልነሳም አለ። ቁልፉን ሳዞረው የክሩስኮቱ መብራት ይደበዝዛል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ጣ» ይልና ዝም። ከጎረቤት ባትሪ በገመድ አስነስቼ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ኮምፒውተሩን ሰካ፣ «ፒ 0562» የሚል ኮድ ወጣ፤ የቮልቴጅ ማነስ ማለት ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ተቀየረ፤ ከ600 ዶላር በላይ ከፈልኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው «ጣ»።

ኮዱ አልዋሸም። ቮልቴጁ መውረዱን ይናገራል እንጂ የት ጋ እንደጠፋ አይናገርም። እዚህ የባለሙያ ሰዓት ውድ ነው፤ ገመድ ሲከተሉ ከመዋል ዕቃውን አውጥቶ አዲስ መግጠም ይቀላቸዋል።

መኪናውን ደጅ አቁሜ ለገና አዲስ አበባ ስገባ የእህቴ ቪትዝ በዚያው በሽታ ተይዛ ጠበቀችኝ። መኪና ከሚጠገንበት ሰፈር፣ ከሶማሌ ተራ፣ ኤሌክትሪሺያን ጠራን። ባትሪውን ለካ፤ 12.6 ቮልት፣ ደህና ነው። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ እህቴን «እስቲ አስነሺው» አላት። ቴስተሩ ከ2 ቮልት በላይ አሳየ። «እዚህ ጋ ግማሽ ቮልት እንኳ መሙላት የለበትም። ማሳው ነው» አለ። ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደውን ገመድ፣ ፈታው፤ ጫፉን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አጠበቀው፤ ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። ቨርጂኒያ ተመልሼ የኔንም ፈታሁት። ማሳው ነበር።

የዚያኑ ሰፈር ክፉ ልማድ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አጠገባችን በቆመ ሚኒባስ ላይ፣ በ20 አምፔሩ ቢጫ ፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዞ አየሁ። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። ሽቦ ከተተካበት የሚነደው መኪናው ነው፣ ከነተሳፋሪው። ቨርጂኒያ እንዲህ የሚያደርግ ጋራዥ አልገጠመኝም፤ በዚህ ይበልጡናል።

ሒሳቡን ስንሰጠው ኤሌክትሪሺያኑ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጠየቀኝ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ እሱም ጋ መምጣት ጀምረዋል። «ብርቱካናማው ገመድ አይነካም ይላሉ፤ ስንት ቮልት ቢሆን ነው ወንድሜ?» አለኝ። ብርቱካናማው ገመድ የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያመላልሰው ነው፤ በብዙዎቹ መኪኖች ከ300 እስከ 400 ቮልት ነው። 12 ቮልት የለመደ እጅ እዚያ ውስጥ ሲገባ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። ለፋሲካ ስሄድ 1000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት ይዤለት እገባለሁ፤ ለእሱም፣ ለረዳቱም።