ለማህተም ነው የሚመጡት?

ሰሞኑን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሰማሁ። ወሬው ክረምት በመጣ ቁጥር ለኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ለሥራ ልምምድ፣ ስለሚላኩላቸው የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ነበር። «ለሥራ ሳይሆን ለማህተም ነው የሚመጡት» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም። የልምምድ ቅጹ ላይ የሚመታውን ያን ማህተም ፍለጋ ከተንከራተቱት አንዱ ነኛ!

እሺ፣ ለማህተም ብቻ የሚመጣ ተማሪ አለ። በመጀመሪያው ቀን ፈርሞ ሁለት ወር ሙሉ አጎቱ ሱቅ ሲሸጥ የከረመ ጓደኛ ነበረኝ። ግን ኃላፊው አንድ ነገር ይንገሩኝ። ልጁ ሁለት ወር ሲጠፋ ማን ፈለገው? ማንም። ሥራ የሰጠው ሰው ቢኖር ኖሮ መጥፋቱ በማግስቱ ይታወቅ ነበር።

እኔ ለልምምድ የወጣሁት በ2016 ክረምት ነው። የተመደብኩት ዕቅድና በጀት ክፍል። ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ከዚያ የተሻለ ቦታም ጊዜም አይገኝም። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል። የአሮጌው ሒሳብ ይዘጋል፣ የአፈጻጸም ሪፖርት ይጻፋል፣ አዲሱ በጀት ለየክፍሉ ይደለደላል። የተረፈው ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሰኔ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ የተገዛው ወረቀት ገና ኮሪደር ላይ እንደተቆለለ ነው። አራት ዓመት የተማርነው ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ አለ። ለእኔ ምን ተሰጠኝ? ስቴፕለር።

ሐምሌ 22 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ላይ 74 ገባ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ቢሮው በሙሉ ሥራውን ትቶ ስለ ዘይትና ስለ ነዳጅ ያወራ ነበር። እኔም ከማወራ ብዬ ክፍሉ ከውጭ ሊገዛ ያቀደውን ዕቃ በአዲሱ ምንዛሪ ላስላው አልኩ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አለቃዬ ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ይቺን ኮፒ አድርግልኝ» አሉኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥት 971 ቢሊዮን ብር በነበረው በጀት ላይ 582 ቢሊዮን ተጨማሪ ሲያስጸድቅ ያቺ ኮፒ ትዝ አለችኝ። የእኔ ስሌት አገር ያድን ነበር አላልኩም። ግን ያን ቀን ከዚያ ቢሮ ውስጥ ሲያሰላ ያየሁት ሰው የለም።

«ዳታው ምስጢር ነው» የሚሉም አሉ። ምኑ ነው ምስጢሩ? የበጀት አዋጁ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የዋጋ ንረቱ ቁጥር በዜና ይነበባል። ምስጢር የሚሆነው ተማሪ ሲጠይቅ ብቻ ነው እንዴ?

እውነቱ ሌላ ይመስለኛል። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የዓመቱን ሪፖርት ገጽ ቁጥር እንድሰጠው ተነገረኝ። ገጽ ስቆጥር አንድ ሠንጠረዥ ላይ ዓይኔ አረፈ። የአራቱን ሩብ ዓመታት ደመርኩ። ከዓመቱ ድምር ጋር አይገጥምም። ስልኬ ላይ ደግሜ ደመርኩ። አሁንም አይገጥምም። ቀጥሎ ያለው ረድፍ አፈጻጸሙ 112 በመቶ ይላል። ለምን ብዬ የመጀመሪያውን ዕቅድ ፈልጌ አየሁ። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ዕቅዱ ተቀንሷል፤ ሥራው ግን ያው ነው። አለቃዬ ጋር ይዤ ሄድኩ። በወጉ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል መሰለኝ» አልኳቸው። ሠንጠረዡን እንኳ አላዩትም። «ተወው ባክህ፣ ጸድቋል» አሉኝ።

ጸድቋል! ይቺ ቃል ስንት የተሳሳተ ድምር ሸፍና ይሆን? ከዚያ ቀን በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ቢሮዎቻችን ተማሪን ወደ ኮፒ ማሽኑ የሚገፉት ስለማይችል አይደለም። መደመር ስለሚችል ነው። ሠራተኛው ዕድገትና ዝውውር ያስባል፣ ዝም ይላል። ተማሪው ግን ጳጉሜን ሳይመጣ ይሄዳል፣ የሚፈራው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሰው ቁጥር አጠገብ ምን ያደርጋል? ያለፈውን ዓመት ሪፖርትና ሪፖርቱ የተሠራበትን ጥሬ መረጃ ሰጥቶ «በል፣ እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት እንደደረስን ፈልገህ አሳየኝ» ማለት በጀት አይጠይቅም፣ ሥልጠና አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሪፖርቱን ማመን ብቻ ነው።

በ2015 የመውጫ ፈተና ሲጀመር ተመራቂው ብቁ ይሁን ተባለ። ይሁን። ተቀባዩን መሥሪያ ቤትስ ማን ይፈትነው? አለቃዬን በሁለት ወር ውስጥ ያገኘኋቸው ስድስት ቀን ቢሆን ነው። አንዴ አዳማ ለወርክሾፕ፣ አንዴ ቢሾፍቱ ለወርክሾፕ። ለእኔ የትራንስፖርት አበል የለም፤ ታክሲው ከእናቴ ኪስ ነበር የሚወጣው።

ልምምዱ ሲያልቅ የግምገማ ቅጼን ይዤ ሄድኩ። ማህተሙን የያዘችው ጸሐፊ የዓመት ዕረፍት ወጥታለች። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ቅጹ ተሞልቶ፣ ማህተም ተመትቶበት ተሰጠኝ። «የትንታኔ ችሎታ» ከሚለው ፊት «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሏል። ለስቴፕለሩ መሆን አለበት።