ክርክር፦ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 80 ይሁን?

አዳማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ የክፍለ ጊዜ ድልድል ቀርቧል። በቀን ሰባት የሆኑት ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት ሁለት ሁለቱ ተጣምረው ሦስት ባለ 80 ደቂቃና አንድ ባለ 40 ደቂቃ ይሆናሉ፤ የቀኑ ድምር ያው 280 ደቂቃ ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት አንድ የፊዚክስ መምህር ናቸው። የሚቃወሙት ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ልጃቸው እዚያው የምትማር እናት ናቸው።

የፊዚክስ መምህሩ

የኦምን ሕግ በሙከራ ለማሳየት ባትሪውን፣ አሜትሩንና ቮልትሜትሩን ማገናኘት፣ ቮልቴጁን እየቀያየሩ ንባቡን መመዝገብ፣ ግራፍ መሥራትና መስመሩ ምን እንደሚል መወያየት ያስፈልጋል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ በ40 ደቂቃ አያልቅም። ደወሉ ሲደወል ሽቦው እንደተዘረጋ ይነቀልና በሌላ ቀን ስንገናኝ እንደገና ከመጀመሪያው እንነሣለን። የኬሚስትሪ ባልደረቦቼ ችግር ይብሳል፤ በቢዩሬት፣ ማለትም ፈሳሽን ጠብታ በጠብታ በሚለካ የመስታወት ቱቦ፣ የሚደረግ የአሲድና የቤዝ ልኬት ንባቦቹ እስኪቀራረቡ ድረስ መደጋገም ስለሚኖርበት፣ ተማሪው ቀለሙ ሲለወጥ አንዴ አይቶ ይወጣል እንጂ መለካትን አይማርም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሙከራውን ትተን ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ እንሥላለን። ስም መጥራቱ፣ የቤት ሥራ ማየቱና ሰሌዳ ማጥፋቱ ሲጨመርበት ደግሞ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሩቡ ትምህርት ሳይጀመር ያልቃል። ክፍለ ጊዜያቱ ቢጣመሩ ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

የሒሳብ መምህርቷ

መምህር፣ «ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሩቡ ትምህርት ሳይጀመር ያልቃል» ብለው በገዛ እጅዎ ጽፈዋል። የ40 ሩብ 10 ነው፤ በሰባት ክፍለ ጊዜ 70 ደቂቃ ይሆናል። ይህን ያህል ጊዜ በየቀኑ ከልጆቻችን ላይ እየተወሰደ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ደወሉ ከተደወለ በኋላ መምህሩ የት እንደነበረ ነው። በሰዓቱ የሚገባ መምህር 40 ደቂቃውን ያስተምርበታል፤ የማይገባው 80 ቢሰጡትም 20ውን ያባክነዋል።

መርሳትንስ አስበውታል? ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ በቀናት ተከፋፍሎ የተደገመ ነገር በአንድ ቀን ታጭቆ ከተጠና ይልቅ በትንሽ ድካም እንደሚያዝ በራሱ ላይ ፈትኖ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የካናዳ ጥናትም፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሳይንስን ዓመቱን ሙሉ የተማሩ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ መንፈቅ ተጠቅልሎ ከተሰጣቸው የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ይናገራል። በእናንተ ድልድል በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የነበረው ትምህርት አንድ ቀን ብቻ ይሰጣል፤ ያ ቀን በዓል ከዋለበት ልጁ ትምህርቱን ሁለት ሳምንት ሳያየው ይቆያል። ከስድስት ሰዓት በኋላ የአዳማ ፀሐይ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲወርድ 80 ደቂቃ የሚያዳምጥ ልጅ የት እንደሚገኝም ይንገሩኝ።

የፊዚክስ መምህሩ

እኔ ስለ ስም ጥሪና ስለ ደብተር ጻፍሁ፤ እርስዎ ግን የመምህራንን መዘግየት አነበቡ። ጠመኔ ይዞ ከሴክሽን ሴክሽን ሲሮጥ የሚውልን የሥራ ባልደረባ በዚህ መልክ ማንሣት፣ ያውም ከእርስዎ ከሙያው ሰው፣ አሳዝኖኛል።

የካናዳው ጥናት የእኛን ጉዳይ አይመለከትም። የተነጻጸረው ዓመቱን ሙሉ መማርና በአንድ መንፈቅ መጨረስ ነው። በእኛ ድልድል የፊዚክስ አራት ክፍለ ጊዜ ሁለት ባለ 80 ይሆናል፤ የሳምንቱ 160 ደቂቃ አልተነካም፣ ትምህርቱም ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የፕላዝማ ትምህርት ሲመጣ የሆነውን ያስታውሱ። ከ40 ደቂቃው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስድ ስለነበር፣ መምህሩ የሚያብራራበት ጊዜ አጥቶ ተመልካች ሆኖ ቀረ፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣም ስርጭቱ አይጠብቀውም ነበር። ጊዜ ማጠር መምህሩን ምን እንደሚያደርገው ያኔ አይተነዋል።

የሒሳብ መምህርቷ

መዘግየት ካልሆነ እንግዲያውስ እንቁጠረው። 60 ስም አንዱን በሦስት ሰከንድ ቢጠሩ 3 ደቂቃ ይፈጃል። የቀረው 7 ደቂቃ ሰሌዳ በማጥፋት አያልቅም። የቤት ሥራም ከሆነ፣ ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው ሲተራረሙና መምህሩ የተሳሳቱትን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ እሱ ራሱ ትምህርት ነው፤ እኔ ከብክነት ቆጥሬው አላውቅም።

ፕላዝማውን ባያነሡ ይሻልዎት ነበር። እሱም በክፍል ውስጥ ያለው መምህር ሳይመከርበት የተወሰነ የጊዜ አጠቃቀም ነበር። የእናንተን ድልድል የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ መቼ መከረበት? ደግሞም 80 ደቂቃ ሲሰጠው ሙከራ የሚያሠራው መምህር ስንት ነው? እኔ የምፈራው ልጄ 80 ደቂቃ ሙሉ ማስታወሻ ስትገለብጥ እንዳትውል፣ አንድ ቀን ስትታመም ደግሞ የሳምንቱ ፊዚክስ ግማሹ እንዳያመልጣት ነው።

የፊዚክስ መምህሩ

አንድ ቀን የቀረች ልጅ በአሮጌውም በአዲሱም ድልድል የምታጣው 280 ደቂቃ ነው። ቁጥር መቁጠር ከወደዱ ይህንንም ይቁጠሩት፦ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ልጆች የተማሩት እርስዎ በሚከላከሉት የተቆራረጠ ክፍለ ጊዜ ነው። እኔ የምለምነው ተማሪው በእጁ ነክቶ የሚማርበትን ጊዜ ነው፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሳይቋረጡ ይሰጡ።

የሒሳብ መምህርቷ

ያን ሁሉ ውድቀት በደወሉ ላይ መጫን ለማንም አይጠቅምም። ጥያቄዎ አሁን የደረሰበት ላይ ከሆነ ግን፣ ፕሮግራም አውጪው ለሦስቱ ትምህርቶች በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ አጎራብቶ ይስጣችሁ፤ እኔም በኅብረቱ ስብሰባ ይህንኑ እደግፋለሁ። ለዚያ ሲባል ታሪክ፣ አማርኛና ሒሳብ የሚፈርሱበት ምክንያት የለም።

የፊዚክስ መምህሩ

ሒሳብስ ለምን ይቀራል? አንድ ማረጋገጫ ተጀምሮ ሳያልቅ ደወል ሲደወል እርስዎም አይተዋል።

የሒሳብ መምህርቷ

አይቻለሁ፤ ያላለቀውን ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ሲታገሉበት አድረው በማግሥቱ ቀጥለነዋል። ሒሳብ በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው በየቀኑ እንዲሠራ ነው። በእናንተ ድልድል ሁለት ባለ 80 እና አንድ ባለ 40 ሆኖ ሦስት ቀን ብቻ ይሰጣል፤ ሁለቱን ቀን ልጁ እርሳሱን አያነሣም። በዚህ ላይ አልደራደርም።