ለአቃቂ የምንሰጠው ምጽዋት

በአዲስ አበባ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች መስካሪ አጣን እንጂ እንደ እኛ በስውር የሚመጸውት ሕዝብ በቀላሉ አይገኝም። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የተባለውን ቃል ለመፈጸም ስንል የሽንት ቤታችንን ጉድጓድ ወደ ወንዙ የምንከፍተው የሐምሌ ዶፍ ቆርቆሮውን ሲደበድብና ጎረቤት ሲተኛ ብቻ ነው። የመምጠጫ መኪና በጠራራ ፀሐይ ጠርተው ሰፈሩን ሁሉ የሚያስነጥሱት እነዚያ ከፋዮች ከእኛ ትሕትና ቢማሩ መልካም ነበር። (ቆዳ የሚያለፉበትን ክሮም የተባለ ኬሚካል በቀን የሚለቁት ቆዳ ፋብሪካዎች ግን ታይታ ሳይወዱ አይቀሩም።)

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። የእኛው አቃቂ ግን ማደሪያ አለው፤ ከቀበናና ከባንተይቀጡ ወንዞች የተረከበውን ፌስታልና ፍሳሽ ይዞ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ማመንጫ በተሠራበት በአባ ሳሙኤል ግድብ ያድራል፣ የተረፈውን ለአዋሽ ያስረክባል። ባንተይቀጡን በዚህ ስም የጠራው ሰው፣ ማን ሊቀጣበት እንደሆነ ቀድሞ ሳያውቅ አልቀረም።

የወንዝ ጤና መርማሪዎች ግን ቸርነታችን አይገባቸውም። የወንዙን ወለል በእግራቸው እየበጠበጡ በመረብ የያዙትን ነጭ ትሪ ላይ ዘርግተው ይቆጥራሉ። ከከተማው በላይ ባሉት ንጹሕ የደጋ ጅረቶች ድንጋይ ሥር የሚገኙት፣ ሦስት ጭራ ያላቸውና ብዙ ኦክስጅን የሚሹ ቅምጥል እጮች ወንዙ መሐል ከተማ ሲደርስ ይጠፋሉ፤ ትሪው ላይ የሚርመሰመሰው ቀይ ትል ብቻ ይሆናል። መርማሪዎቹ ይህን «የተበከለ» ብለው ይመዘግቡታል። እኛ ግን ታማኝነት እንለዋለን፤ ምክንያቱም ይህ ትል እንደ እኛው ሄሞግሎቢን የተባለው ኦክስጅን ተሸካሚ የደም ቀለም ስላለው ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ ሁሉም ሲሸሽ ሳያማርር የቀረ የሥጋ ዘመዳችን ነው።

ወንዙም ቢሆን ውለታ አይረሳም። በታችኛው ዳርቻ በአቃቂ ውኃ የሚበቅለው ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ የሰጠነውን ሁሉ፣ ክሮሙን ሳይቀር፣ አጠራቅሞ ወደ ማዕዳችን ይመልሰዋል። ባለፈው ቅዳሜ እኔም ከጉልት ቆስጣ ስገዛ ሻጯ ውኃ እየረጨችበት፣ «ውሰድ ወንድሜ፣ የወንዝ ዳር ነው፤ እንዴት እንደለመለመ አየኸው?» ብላ አንድ እስር መረቀችልኝ።