ስባሪውን ማን አነሳው?

የካረን ሪድ ጉዳይ ድሬዳዋ በርጫ ላይ እስከ ዛሬ አላለቀም። ፍርዱ የተሰጠው ሰኔ 11 ቀን 2017 ነው። ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ስንል ግን አንዱ ስልኩን አውጥቶ የዩቲዩብ ቁራጭ ይከፍታል። ከዚያ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። «አቦ ገጭታዋለች!» «ወላሂ አልገጨችም፣ ተሸርቦባት ነው!» እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ማስረጃው የተያዘበት መንገድ።

ላልተከታተላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጥር 21 ቀን 2014፣ እኛ አስተርዮ ማርያምን በምናከብርበት ዕለት፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ ጆን ኦኪፍ የተባለ የቦስተን ፖሊስ ሊነጋጋ ሲል በረዶ ላይ ወድቆ ተገኘ። ሕይወቱ አልፏል። አቃቤ ሕግ ፍቅረኛውን ካረን ሪድን ከሰሰ። ጠጥታ ነበር፣ ሌክሰስ መኪናዋን ወደኋላ ስትነዳ ገጭታው ጥላው ሄደች አለ። የመኪናዋ የቀኝ የኋላ መብራት ተሰብሯል፤ ስባሪውም ሰውየው በወደቀበት ተገኝቷል። የመጀመሪያው ችሎት ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች) መስማማት አቅቶት ሰኔ 24 ቀን 2016 ተበተነ። በሁለተኛው 12ቱ ጁሪዎች ከግድያው ክስ ነጻ አወጧት። ጠጥቶ በማሽከርከር ብቻ ጥፋተኛ ተባለች፤ 1 ዓመት አመክሮ ተወሰነባት።

ስትሰሙት ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ይመስላል። መብራቱ ተሰብሯል፣ ስባሪው ሬሳው ያለበት ቦታ ነው፣ ምን ቀረ? የቀረው ስባሪው እንዴት እንደተገኘ ነው። ጠዋት ቦታው ላይ የደረሱት ፖሊሶች በረዶውን የገፈፉት ቅጠል በሚጠራርጉበት ማሽን ነው። ደም የነካውን በረዶ የሰበሰቡት ጎረቤት በሰጣቸው የፕላስቲክ ኩባያ ነው፤ ለድግስ መጠጥ የሚቀዳበት ቀይ ኩባያ። ከዚያ የሱቅ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተቱት። የመብራቱ ስባሪ መገኘት የጀመረው አመሻሽ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት መኪናው ፖሊስ እጅ ገብቷል። አቃቤ ሕግ በረዶ ሸፍኖት ነው ሲል፣ ጠበቆቿ ደግሞ በኋላ የተበተነ ነው አሉ። መኪናው የገባበት የፖሊስ ጋራዥ ቪዲዮ ሲቀርብ ደግሞ ምስሉ እንደ መስታወት ቀኝና ግራው የተገላበጠ ሆኖ ተገኘ። የክርክሩ እምብርት የቀኝ መብራት ነው እኮ! ከዚያ በኋላ ኤክስፐርት በኤክስፐርት ላይ ቢደረደር፣ ያ የመጀመሪያው ጠዋት የሳተውን የሚመልስ አልተገኘም።

ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ባለፈው ዓመት ወደ ሳቢያን በሚወስደው መንገድ፣ መሽቶ፣ አንድ ባጃጅ አንድ አባት ገጨ። ወዲያው ሆስፒታል ተወሰዱ። እኔ ስደርስ ባለሱቁ መጥረጊያ ይዞ ወጥቷል። መስታወቱን፣ የተሰበረውን የፊት መብራት፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ሳይቀር ጠርጎ ጠርዝ ላይ ከመረው። ክፋት የለውም። ልጆች በባዶ እግራቸው እንዳይረግጡት ብሎ ነው። ባጃጁንም ገፍተው አቆሙት፤ መንገድ ዘግቷላ። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን፣ ማለት የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ሊያነሳ ሲመጣ የሚያነሳው ነገር አልነበረም። ሁላችንም በእጃችን እያሳየን «እዚህ ጋ ነበር፣ አይ እዚያ ጋ» አልነው።

ባለባጃጁ መብራት አብርቼ ነበር አለ። ያዩት ሰዎች ጨለማ ውስጥ ነው የመጣው አሉ። ይህን የምትፈታ አንዲት ነገር ነበረች። አምፖሉ። የድሮው ዓይነት አምፖል ውስጥ ያለችው ቀጭን ክር በርታ እያለች ግጭት ሲደርስባት ግላ ስለምትለሰልስ ትለጠጣለች፣ ትጣመማለች። ጠፍታ ከሆነ ግን ብትሰበርም ቀጭ ብላ ነው። ባለሙያ በማጉያ አይቶ ይለየዋል። የእኛዋ አምፖል ከቆሻሻው ጋር ሄደች። ልጁ እውነቱን ተናግሮ ከሆነ ያዳነው ነበር። ዋሽቶ ከሆነም ለሟች ቤተሰብ መልስ ነበር። እኒያ አባት በሦስተኛው ቀን አርፈዋል።

የፍሬን ምልክትም እንደዚሁ ነው። ጎማ አስፋልት ላይ 20 ሜትር ጥቁር መስመር ጥሎ ቆመ እንበል። ደረቅና ንጹሕ አስፋልት ከሆነ ስሌቱ ፍጥነቱን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ግድም ያደርሰዋል። ድሬ ግን አሸዋ ናት። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በወረደ ማግስት መንገዱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አሸዋ የለበሰ አስፋልት ላይ ጎማ ስለሚንሸራተት በያው 20 ሜትር ፍጥነቱ ወደ 45 ሊወርድ ይችላል። የተፈቀደው 50 ቢሆን አንዱ ስሌት ሕግ አክብሯል፣ ሌላው ጥሷል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ደግሞ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ሹፌር በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ደንብ እያወቀ ጥሶ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት። መስመሩ በሜትር ተለክቶ፣ አሸዋው ፎቶ ተነስቶ ካልተመዘገበ ዳኛው በምን ይለየው?

አሁን ከባዱን ልናገር። ሬሳውን።

እኛ ጋ ሙስሊሙ በዕለቱ ይቀብራል፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ሬሳ ማሳደር አይወድም። የአስከሬን ምርመራ ሲባል ትዝ የሚለን አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። «ሞቶም አያርፍም?» የምትል እናት ፊት ቆሜ መከራከር አልችልም፣ አልፈልግምም። ግን ሬሳ ሳይቀደድም የሚታይ ብዙ ነገር አለ። በመኪና የተገጨ እግረኛ እግሩ ላይ ፓራውልቱ የመታው ቦታ ይኖራል። ቁስሉ ከተረከዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ መለካት ነው። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ከሆነ የመኪናው ፊት ስለሚደፋ ቁስሉ ዝቅ ይላል። በካረን ሪድ ችሎት ኦኪፍን የመረመረችው ሐኪም እግሩ ላይ ግጭት የሚያሳይ ጉልህ ጉዳት አላየሁም ብላለች። ለሞቱ ምክንያት የጭንቅላት ምትና ቅዝቃዜ ናቸው አለች፤ አሟሟቱን ግን «ያልተወሰነ» ብላ ነው የመዘገበችው። ያንን የእግር ምርመራ አንድ ሐኪም ሜትርና ካሜራ ይዞ በግማሽ ሰዓት፣ ከመታጠቡ በፊት ሊያደርገው ይችላል። ቀብሩ አይዘገይም። ኢማሞቻችንና ካህናቶቻችን ይህን ቢነግሩን እንሰማለን ብዬ አምናለሁ።

ሽማግሌ ገብቶ በጉማ ወይም በዲያ፣ ማለት በደም ካሳ፣ ሲታረቁ ደግሞ «ከታረቅን ማስረጃው ምን ያደርጋል» ይባላል። እርቁን እወደዋለሁ፤ ደም ያደርቃል። ግን የሰው ሞት ክስ በእርቅ አይዘጋም። ሽማግሌውም ቢሆን እውነቱን ይዞ ቢያስታርቅ ይሻላል።

«ይሄ የአሜሪካ ነው፣ እኛ ምን መሣሪያ አለን?» የሚለኝ አለ። አሜሪካ መሣሪያ ሞልቷት ነው በመጠጥ ኩባያ የተያዘችው። እኛ የሚያስፈልገን ጠመኔ፣ ሜትርና ሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። የተጎዳውን ሰው አንሱ፤ ሕይወት ይቀድማል። ሌላውን አትንኩ። መኪናውን ከመግፋታችሁ በፊት ከአራት በኩል ፎቶ አንሱት። ስባሪው አጠገብ እግራችሁን ወይም ሳንቲም አድርጋችሁ አንሱ፣ ልኩ እንዲታወቅ። ፖሊስም ስባሪውን ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ከየት እንዳነሳው ይጻፍ፣ ይፈርም።

የዚያን ማታ ባለሱቁን በማግስቱ ሄጄ አናገርኩት። ስለ አምፖሏ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ ከመደርደሪያው ስር ሰማያዊ ሳፋ አወጣ። «ሌላ ጊዜ ስባሪው ላይ ይህን እደፋበታለሁ፣ ማንም አይረግጠውም» አለኝ።