ዱቤ ደብተሩ የሚያውቀው በጀታችን

ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር ስሄድ አንድ ባንክ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አያለሁ። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ከሥሩ «ከወር ወጪዎ የተረፈውን ይቆጥቡ» ይላል። በቀደም ከጎረቤቴ ጋር ስናልፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «እስቲ መጀመሪያ የተረፈውን ያሳዩኝ» አለች። ተሳሳቅን። ነገሩ ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

እኔ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ይወርዳል ይወጣል። ሁለት ደሞዝ ይገባል፣ ሦስት ልጆች አሉን። ከውጭ ለሚያየን «ደህና ናቸው» የምንባል ነን። ግን ለዓመታት ወሩ ሳይጋመስ ነበር ኪሳችን የሚራገፈው። በጀት ሳናወጣ ቀርተን አይደለም። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቶ ነበር፤ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ የትምህርት ቤት፣ ልዩ ልዩ። መጨረሻ ላይ «ቁጠባ» የምትል መስመር ነበረች። እሷ አንድም ወር ቁጥር ገብቶባት አያውቅም። «ልዩ ልዩ» ግን ሁሌም ጢም እንዳለ ነው።

ትክክለኛው በጀታችን የተጻፈው ሌላ ቦታ ነበር፦ ሰፈር ሱቅ፣ ዱቤ ደብተር ላይ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በዘይት ወዝቷል። የእኛ ገጽ ላይ ስም የለም፣ «ቲቸር» ብቻ ይላል። አንድ ቀን ሒሳብ ልዘጋ ሄጄ ደብተሩን ተቀበልኩና እዚያው ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ዘይት ግማሽ ሊትር። ስኳር ሩብ ኪሎ። ዘይት ግማሽ ሊትር። ኦሞ ትንሿ። ዘይት ግማሽ ሊትር። በአንድ ወር 8 ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሊትር ወስደናል። ሲደመር 4 ሊትር ነው። በከፈልንበት ብር ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ይመጣ ነበር።

የሌለው ሰው በውድ ነው የሚገዛው። ያለው በጅምላ ይጭናል፣ የሌለው በቁንጥር ይወስዳል፤ ልዩነቱን የሚከፍለው የሌለው ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ያለኝ ቅሬታ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የተረፈችን ብር ባንክ ከመሄዷ በፊት ጓዳ መግባት አለባት። እኛ በመጀመሪያ የተረፈችን ብር ጀሪካን ዘይት ገዛንባት። ዘይት መግዛት ቁጠባ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። በሚቀጥለው ወር የዱቤ ገጻችን በ8 መስመር አጠረ፤ ለእኔ ይህ ቁጠባ ነው። በቀረልን ብር ሳሙና በካርቶን አመጣን። ቀጥሎ ጤፍ።

የጤፉን ነገር እናቶቻችን ያውቁት ነበር። አዝመራ ገብቶ ታኅሣሥና ጥር ላይ ረከስ ይላል፣ ክረምት ሲገባ ይሰቀላል። እናቴ ደሞዝ የሚባል ነገር በእጇ ይዛ አታውቅም፤ ያላት ብር መቀነቷ ላይ የተቋጠረው ነበር። ያንን ቋጠሮ የምትፈታው ግን ጥር ላይ ነው። እኛ የተማርነው ልጆቿ ነሐሴ ላይ በኪሎ እንገዛለን። አሁን ከጎረቤቴ ጋር ሆነን ሰኞ ገበያ ወርደን ኩንታሉን እንካፈላለን። መንገድ ሲዘጋጋ ይሄም ስሌት እንደሚፋለስ አልክድም።

ወደ ባንኩ ልመለስ። የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው 10,700 አገኘ፤ በ10,000 ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ13,000 በላይ ገባ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 አለፈ። ጎረቤቴ ወለድ አትበላም፤ ገንዘቧ ያለው ወለድ አልባ ሒሳብ ውስጥ ነው። ያቺ 700 ብር እንኳ ለእሷ የለችም።

እቁብስ? እቁብ እወዳለሁ፤ ግን እሱንም አናጋንነው። 20 ሰው በየወሩ 1,000 ብር ሲጥል ዕጣው 20,000 ነው። መጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። የ20ኛው ወር ባለዕጣ የሚቀበለው ያንኑ 20,000 ነው፤ በመሀል ዋጋ ስንት ጊዜ ወጥቷል። ጥሩ ዳኛ ያለው እቁብ ሰርግ ለደረሰበት፣ ሰው ለታመመበት ያስቀድማል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ካልጣልክ ታፍራለህ። ባንክ ፊት ማንም አያፍርም።

ባንክ ይቅር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። ከተማዋ ውስጥ የቀረ ሰው የዋለው ጓዳው ባለው እህልና ከጎረቤት በተካፈለው ነው። የሸሸ ሰው ደግሞ ጆንያ ተሸክሞ አይሄድም፤ አዲስ አበባ ደርሶ ነፍሱን ያቆየው ባንክ ያስቀመጠው ብር ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉን አንድ ቦታ አላደርግም።

«ልዩ ልዩ» የምትለዋን መስመር በተመለከተ፣ ስለ ገንዘብ የሚመክሩ ሰዎች ሁሉ ቁረጡ ይላሉ። ወሎ ውስጥ እንዴት ተደርጎ? ለቅሶ አለ፣ ቅሬ (እድራችን) አለ፣ ሰርግ አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ የእሷም በዓል የእኔ ነው። ዒድ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፤ አንድ ወር ላይ ልመድበው ብትል አይመደብልህም። በ2014 ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ዒድ አል ፈጥር ሚያዝያ 24 ዋሉ። በ8 ቀን ውስጥ ሁለት በዓል! ከዚያ ከባድ ኅዳር በኋላ ግን ይህን ወጪ ቁረጪ ቢሉኝ አልቆርጥም። ያኔ በር ያንኳኩልን እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ እስካሁን አልተገራልኝም፤ ጳጉሜ። ደሞዝ በዓመት 12 ጊዜ ነው፣ ወሩ 13። እነዚያ 5 ቀናት፣ አንዳንዴም 6፣ ያለ ደሞዝ ይበላባቸዋል። ተከትሎ እንቁጣጣሽ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ዱቤያችንን ሙሉ በሙሉ ዘጋሁ። ደስ ብሎኝ ባለሱቁን «ገጻችንን ሰርዘው» አልኩት። እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አነሳ፣ ትንሽ አሰበ፣ መልሶ ሰካው።

«አብሽሪ ቲቸር፣ ይቆይ» አለኝ። «ጳጉሜ እኮ ደረሰች።»