በቡና እየኖራችሁ ስለ ቡና የማትጠይቁ

የጅማ ከተማ ሰዎች፣ ምርጫ በደረሰ ቁጥር የምታነሡት ወሬ ያው ነው፤ እጩው የየትኛው ጎሣ ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚሰግድ ወይም የት እንደሚሳለም ትቆጥሩና ስለ ገጠሩ መራጭ ሲነሣ «እሱማ የተነገረውን ይመርጣል» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ይህ ስንፍና ነው፤ ንቀትም አለበት። ጎሣና እምነት ድምፅን አይስቡም አልልም፤ ነገር ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር፣ የይዞታ ደብተሩን የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ከደጁ ያለበት የጎማ ወይም የማና ወረዳ ቡና ገበሬ በድምፁ ቢጠነቀቅ ሒሳቡን ስላወቀ ነው። የንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ የሚያሳድሰው የከተማ ነጋዴስ ከእርሱ በምን ይለያል?

በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፌዴራል መቀመጫዎች ጠቅልሎ ሲወስድ፣ ገዥው ኢሕአዴግ የውጤቱ ውዝግብ እንዳለ ሆኖ በአመዛኙ በገጠሩ ወንበር አብላጫውን ያዘ። በ2007 ደግሞ 547ቱም መቀመጫዎች የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። የመዲናዋ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ልቡን ሙሉ በሙሉ ለወጠ ማለት ነው? የፖለቲካው ሜዳ መጥበቡ አንድ ምክንያት ነው፤ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ ስለሚገባም የቀረው ድምፅ ከካርታው ላይ ይጠፋል። ስለዚህ «እነዚያ ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚል ፍርድ ከውጤቱ አይወጣም።

በ1999ኙ ቆጠራ ከጅማ ዞን ነዋሪ ከመቶ 90 ያላነሰው የገጠር ሰው ነበር። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ያለው ቆጠራ ከዚያ ወዲህ ስላልተደገመ፣ በዚያው ሰሞን የተወለደ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሶ ሳለ እኛ አሁንም የምንከራከረው በአሮጌ ቁጥር ነው። ይህንንም አትጠይቁም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ከተሜው ከገጠሩ የተለየ ኑሮ ያለው እየመሰለው መኖሩ ነው። የቆርቆሮ ሻጩ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ የባጃጅ ነጂው ሁሉ ፊቱ የሚፈታው የቡና ለቀማው ገንዘብ ወደ ከተማ ሲወርድ ነው፤ የእሸት ቡና ዋጋ የወደቀ ዓመት ሱቁ ሁሉ ያዛጋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ እጩ ሲመጣ ከውጭ ገበያው ዋጋ ለገበሬው ምን ያህል እንደሚደርሰው፣ ያረጀውን ቡና ጎንድሎ (ግንዱን ቆርጦ) አዲሱ ቅርንጫፍ ፍሬ እስኪሰጠው ድረስ ቤተሰቡ በምን እንደሚቆይ የሚጠይቀው የለም። በ2011 የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስንት ሰው ሊቀጥር ታስቦ ስንት እንደቀጠረ፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገርም እዚያ የሚሠሩ ልጆች በወር ክፍያቸው የቤት ኪራይ መቻል አለመቻላቸውን ጠይቁ። ጥያቄውንም ከገጠሩ ሰው ጋር ተማክራችሁ አዘጋጁት፤ ዋጋውን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቀው እርሱ ነውና። እጩው መልሱን ትቶ ትውልዱን ሊቆጥርላችሁ ከጀመረ አቋርጡትና ወደ ቡናው መልሱት።