የውሸታሞቹ ፊልም፦ «ሮማን ሆሊዴይ» ለምን አላረጀም?

ስለ «ሮማን ሆሊዴይ» የሚጻፈው ነገር ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ቬስፓው፣ አይስክሬሙ፣ የኦድሪ ሄፕበርን አጭር ፀጉር፣ የሮም ፀሐይ። ሰባ ዓመት ያለፈውን ፊልም ሰው እስከ ዛሬ የሚያየው በእነዚህ የተነሳ ነው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ቬስፓ ያለበት ፊልም ሞልቷል። ቆንጆ ሴትና ቆንጆ ከተማ ያለበትማ አይቆጠርም። አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም።

የእኔ ግምት ሌላ ነው። ይህ ፊልም ያላረጀው ከላይ ሲያዩት የፍቅር፣ ገባ ሲሉበት ግን የውሸት ፊልም ስለሆነ ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው የማይዋሽ ሰው የለበትም።

ላላየው ሰው ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ የወጣው በ1953 ነው፤ ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር። አን የምትባል፣ አገሯ በስም ያልተጠቀሰ ልዕልት አውሮፓን እየጎበኘች ሮም ትደርሳለች። ቀኑን ሙሉ እጅ መጨበጥ፣ ፈገግ ማለት፣ የተጻፈላትን መድገም አንገሽግሿታል። አንድ ማታ ይብስባትና ጩኸትና ለቅሶ ትጀምራለች። ሐኪም ተጠርቶ ማስተኛ መርፌ ይወጋታል። መድኃኒቱ ሳይሠራ ግን በዕቃ መኪና ተደብቃ ትጠፋለች። ጆ ብራድሊ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ መንገድ ዳር ተኝታ ያገኛታል። የሰከረች መስሎት እየተነጫነጨ ወደ ጠባብ ክፍሉ ይወስዳታል። በማግስቱ ማንነቷን ሲያውቅ ዓይኑ ይበራል። ማንም ያላገኘውን የልዕልቷን ታሪክ ካመጣ 5,000 ዶላር ሊከፈለው ከአለቃው ጋር ይስማማል። ከዚያ ያላወቃት መስሎ ከተማውን ያዞራታል። ፎቶ አንሺው ጓደኛው ኧርቪንግ የሲጋራ መለኮሻ በሚመስል ካሜራ በድብቅ ያነሳታል። በዚያች አንድ ቀን ይዋደዳሉ። ማታ እሷ ወደ ኤምባሲዋ ትመለሳለች፣ እሱም ታሪኩን ሳይጽፈው ይቀራል።

እስቲ ማን ማንን እንደሚዋሽ እንይ። ልዕልቷ ከትምህርት ቤት የጠፋች ተማሪ ነኝ ትላለች። ጆ ማዳበሪያ ነጋዴ ነኝ ይላል። ያው ጆ ለአለቃው የልዕልቷን መግለጫ ተገኝቼ ሰማሁ ብሎ ይቀጥፋል፤ መግለጫው መሰረዙን ጠዋት ሙሉ ተኝቶ ስላረፈደ አልሰማም። ኤምባሲው በበኩሉ ልዕልቷ በድንገት ታማለች የሚል መግለጫ ያወጣል። ቬስፓው ከተማውን አተራምሶ ፖሊስ ጣቢያ ሲገቡ ደግሞ ልንጋባ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን ነበር ይሉና በእልልታ ይለቀቃሉ። ሁሉም የየራሱን ውሸት ተሸክሞ ነው የሚዞረው። የምንስቀውም በዚያ ነው። ተመልካቹ ብቻ ነው ሁሉንም የሚያውቀው።

የፊልሙ ልብ ታዲያ «የእውነት አፍ» የሚባለው ድንጋይ ጋ ነው። ሮም ውስጥ ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስመዲን የሚባል ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ ትልቅ ክብ ድንጋይ አለ። ፊት ተቀርጾበታል፣ አፉ ክፍት ነው። ውሸታም እጁን ቢከት ይቆረጣል የሚል የቆየ ተረት አለው። ጆ ይህን ነግሯት ክተቺ ይላታል። እጇን አስጠግታ ትፈራና ትመልሳለች። በል አንተ አሳየኝ። እሱ ይከታል፣ ይጮኻል፣ እጁን ሲያወጣ መዳፉ የለም። እሷ ነፍሷ እስክትወጣ ትጮኻለች። መዳፉን እጅጌው ውስጥ ደብቆት ነው።

ያ ጩኸት የእውነት ነበር። ጆን ሆኖ የተጫወተው ግሪጎሪ ፔክ ቀልዱን ለዋይለር ነግሮት ልዕልቷን ለተጫወተችው ለሄፕበርን ግን ሳይነግራት ነው ያደረገው። ካሜራው የያዘው የደነገጠችውን ድንጋጤ ነው። ለነገሩ የልዕልቷን ሚና ያገኘችውም በእንዲህ ዓይነት ማታለል ነው። በ1951 እንግሊዝ አገር ለሙከራ ስትቀረጽ፣ ትዕይንቱ አልቋል ተብሎ ከተነገራት በኋላ ካሜራው አልቆመም ነበር። አለቀ ብላ ተዝናንታ ስትስቅና ስታወራ ቀረጿት። ዋይለር የወደደው ያንን ነው። ይህ ፊልም ላይ እውነት የሚገኘው ሁሌ እንዲህ በተንኮል መሃል ነው።

የእውነት አፍን ካነሳሁ ላይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ያ ቤተ ክርስቲያን ሰርከስ ማክሲመስ ከሚባለው የጥንት የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ አንደኛው ጫፍ አጠገብ ነው። ፊልሙ በ1952 ሲቀረጽ በሌላው ጫፍ በኩል የአክሱም ሐውልታችን ቆሞ ነበር። የሙሶሊኒ ሰዎች በ1937 ያቆሙት ነው። ጣሊያን በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንደምትመልስ ፈርማለች። ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው። ድንጋዩ በእርግጥ የሚነክስ ቢሆን ኖሮ ስንቱ የሮም ባለሥልጣን እጀ ቆራጣ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ትልቁ ውሸት ከታሪኩ ውስጥ አይደለም፣ ስም ዝርዝሩ ላይ ነው። ታሪኩን የጻፈው ዳልተን ትራምቦ ነው። ትራምቦ በ1947 የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ኮሚኒስት ነህ ወይ ሲባል አልመልስም ያለ ሰው ነው። በዚህም በ1950 እስር ቤት ገባ። ሆሊውድ ጥቁር መዝገብ ላይ ስላሰፈረው በስሙ መሥራት አይችልም ነበር። ጓደኛው ኢያን ማክሌላን ሃንተር ስሙን አዋሰው። ፊልሙ በሃንተር ስም ወጣ። ለምርጥ ታሪክ የተሰጠው ኦስካርም በሃንተር ስም ሆነ። ትራምቦ በ1976 ሞተ። የኦስካር አካዳሚው ሽልማቱን በስሙ ለባለቤቱ ያስረከበው በ1993 ነው። የደራሲያኑ ማኅበር በጽሑፉ ላይ ስሙን የመለሰለት ደግሞ በ2011።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ፊልሙን ድጋሚ እዩት። ስሟን ደብቃ አንድ ቀን እንደ ሰው መኖር የምትፈልገውን ልጅ የጻፋት ራሱ ስሙን ደብቆ የሚኖር ሰው ነው። ጋዜጠኛው የሰውን ምስጢር ለገንዘብ አሳልፎ ይሰጥ ወይስ ዝም ይበል የሚለውን ጥያቄ የጻፈውም ጓደኞቻችሁን አጋልጡ በሚባልበት ዘመን የኖረ ሰው ነው። በአጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከርም። እኔ ግን አላምንም።

እኛም አገር የፍቅር ኮሜዲ ብርቅ አይደለም። ብዙዎቹ የሚጀምሩት በውሸት ነው። ደሃው ሀብታም መስሎ ይቀርባል፣ ወይም ሀብታሟ ደሃ ትመስላለች። የሚያልቁበትም መንገድ ይታወቃል። ውሸቱ ይጋለጣል፣ ጥፊ ይመጣል፣ ለቅሶ፣ ዝናብ ውስጥ ይቅርታ፣ ሠርግ። እኛ ብቻ አይደለንም፣ የሆሊውዱም ያው ነው። «ሮማን ሆሊዴይ» ግን ያንን ሁሉ ግርግር በአንድ እይታ ይጨርሰዋል። ልዕልቷ በማግስቱ ጋዜጣዊ መግለጫ ልትሰጥ ትወጣለች። ፊት ለፊቷ በቆሙት ጋዜጠኞች መሃል ጆና ኧርቪንግን ታያለች። ማን እንደሆኑ ያኔ ገባት። መጋለጡ ይህ ነው። ጩኸት የለም፣ ለምን ዋሸኸኝ የለም። መቶ ሰው እያያት ምን ልትል ትችላለች?

እዚህ ላይ ነው ፊልሙ ለአማርኛ ተመልካች የተሠራ የሚመስለኝ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰምና ወርቅ ነውና። አንዱ ጋዜጠኛ በአገሮች መካከል ስላለው ወዳጅነት ይጠይቃታል። በሰዎች መካከል ባለው ወዳጅነት እንደምተማመን ሁሉ በዚያም እተማመናለሁ ትላለች። ጆ ከሕዝቡ መሃል ይቀበላል፤ እምነትዎ ከንቱ እንደማይቀር የእኛ ድርጅት ያምናል ይላል። ሰሙ ዲፕሎማሲ ነው። ወርቁ ያለው ይህን ነው፦ ፈርተሽ ነበር? አልጽፈውም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰሙን ሰምቶ ማስታወሻ ይይዛል። ወርቁን የሚያወጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ከእኛ ጋር።

ከዚያ ከጎበኟቸው ከተሞች የትኛውን ወደዱ ተብላ ትጠየቃለች። የተዘጋጀላት መልስ አለ፦ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ አይረሱም። አጃቢዋ በሹክሹክታ ያስታውሳታል። እሷም ጀምራው ነበር። መሃል ላይ ትተወውና ሮም ትላለች። ያለ ጥርጥር ሮም። በሕይወት እስካለሁ አልረሳትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲዋሽ የቆየ ፊልም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተነገረ እውነት ነው። እወድሃለሁ የሚለው ቃል ግን ፊልሙ ውስጥ አንድም ቦታ አይነገርም። ማንም የጎደለው ነገር አለ ብሎ አያስብም።

አይጋቡም። ለብዙ ሰው ይህ የፍቅር ኮሜዲ ሕግ መጣስ ነው። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ቢጋቡ ኖሮ ውሸቱ ሁሉ በነጻ ያልፍ ነበር። ሁለቱም ዋጋ ስለከፈሉ ነው የምናምናቸው። እሷ ነጻነቷን ትከፍላለች፣ እሱ 5,000 ዶላሩን። ዕዳ ላለበት ጋዜጠኛ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። የዚያን ጊዜ ተመልካችም ነገሩን እንደ ተረት ብቻ አላየውም። የእንግሊዟ ልዕልት ማርጋሬት ከአንድ ሚስቱን የፈታ የአየር ኃይል መኮንን ጋር የነበራት ፍቅር ወሬው የተሰማው በዚያው በ1953 ነበር። በ1955 አላገባውም ብላ በይፋ አሳወቀች።

ፊልሙ እንከን የለሽ ነው እያልኩ አይደለም። ጣሊያኖቹ አብዛኞቹ ለማሳቂያ ብቻ የገቡ ናቸው። አከራዩ ይጮኻል፣ ፀጉር አስተካካዩ ይቀላምዳል፣ ፖሊሱ እጁን ያወናጭፋል። ከጦርነት የወጣች ከተማ ድህነትም ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚታየው። ወንዙ ላይ ባለው ጭፈራ ቤት የሚነሳው ድብድብም ረዘመብኝ። አይስክሬም የበላችበት የስፔን ደረጃ ላይ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ራሱ ያስቀጣል፤ በፊልሙ ሰበብ የሚሄድ ሰው ይወቀው።

ሄፕበርን ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ፔክ ቀረጻው ሳያልቅ ኦስካር ታገኛለች ብሎ ስሟ ከእሱ ስም እኩል ከርዕሱ በላይ እንዲጻፍ አስደረገ። ያኔ እሱ ዝነኛ ኮከብ፣ እሷ ገና ሆሊውድ የማያውቃት ልጅ ነበረች። ትንቢቱም ሠመረ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው፣ የዩኒሴፍ አምባሳደር ከሆነች በኋላ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋ ወደ እኛ አገር ነበር። በመጋቢት 1988፣ በ58 ዓመቷ፣ መቀሌ ድረስ ሄዳ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ጎብኝታለች። ያኔም ካሜራ ይከተላት ነበር፤ ፊልሙ ላይ ስትሸሸው የነበረውን ሥራ በፈቃዷ ተሸክማው ነው የሞተችው።

ዛሬ ይህ ታሪክ አይሠራም የሚሉ አሉ። ስልክ በያዘ ከተማ መሃል ልዕልት እንዴት ትደበቃለች? አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቲክቶክ ላይ ናት። ልክ ነው፣ መደበቁ አይሠራም። ዝም ማለቱ ግን ከመቼውም በላይ ይሠራል። ሰበር ዜና እያለ ሠርግና ለቅሶ የሚለጥፍ ሁሉ ባለበት ጊዜ፣ በእጁ ያለውን ወሬ የሚያስቀር ጋዜጠኛ ማየት ከቬስፓውም በላይ ብርቅ ነው።

ከሁሉም ግን የምወደው ኧርቪንግን ነው። ኤዲ አልበርት ነው የተጫወተው። ልብ በሉ፣ እሱ ፍቅር አልያዘውም። ልዕልቷ ምኑም አይደለችም። ፎቶዎቹ የእሱ ናቸው፣ ቢሸጣቸው ሀብታም ይሆናል፣ የሚከለክለውም የለም። ጆ ታሪክ የለም ሲለው መጀመሪያ ያበደ ይመስለዋል። በመጨረሻ ግን ተራው ደርሶ ልዕልቷ ስትጨብጠው፣ የሮም ጉብኝትዎ ማስታወሻ ብሎ ፖስታ ይሰጣታል። ከፈት አድርጋ ታያለች። ከላይ ያለው ፎቶ ራሷ በጊታር የገዛ አገሯን ደኅንነት ሰው ጭንቅላት ስትፈልጥ የሚያሳይ ነው። ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ አመሰግናለሁ ብላ ወደሚቀጥለው ጋዜጠኛ ታልፋለች።